የእናቴን ቤት ማን ይሽጠው?

ቤት ለመሸጥ ያሰበ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ለደላላ እንስጠው ወይስ ራሳችን እንሽጠው? በእኛ ቤት ጥያቄው ከገንዘብ ስሌት ያለፈ ነበር።

አባቴ ካረፈ በኋላ ቀበና ያለው ቤት ለእማዬ ከበዳት። ዳገቱ ለጉልበቷ፣ ግቢው ለአቅሟ አልሆነም። እኔ በምኖርበት አካባቢ ምድር ወለል ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም እንድንገዛላት ተስማማን። የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት ወጣ። ዋሽንግተን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜም በኤምባሲው በኩል ውክልና ላከ። ወረቀቱ ሲያልቅ ክርክሩ ተጀመረ።

ወንድሜ ራሳችን እንሽጠው ባይ ነው። በከተማችን ልማድ ደላላ ከሻጭም ከገዢም 2 በመቶ ይጠይቃል። ቤቱ በ20 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ የሻጭ ድርሻ ብቻ 400 ሺህ ብር ይሆናል። «ደግሞ የማርኬቲንግ ባለሙያ ቤታችን ውስጥ እያለች!» አለኝ። እማዬን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር። «ቤቴ ገበያ መውጣቱን የእድር ጓደኞቼ ከደላላ አፍ እንዳይሰሙ» አለች። ስለዚህ በመጀመሪያ ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ ራሷ ነገረቻቸው። ከዚያ እኛ ልጆች ከምን ያህል በታች እንደማንሸጥ ተነጋገርን፤ ለራሳችን የሁለት ወር ጊዜ ሰጠን፤ ካልሆነ ወደ ደላላ እንደምንሄድ ተስማማን።

ፎቶ አንስቼ በቴሌግራምና በፌስቡክ ለጠፍኩ። ስልኬ እረፍት አጣ። ከደወሉት አብዛኞቹ «ገዢ አለኝ» የሚሉ ደላሎች ነበሩ። እውነተኛ ገዢዎችም አልጠፉም፤ ቅዳሜና እሁድ እየተቀበልኩ አስጎበኘሁ። ማስታወቂያ መጻፍና ደንበኛ ማናገር የለመድኩት ሥራ ነው። ያልለመድኩት እናቴ አጠገቤ ቆማ እየሰማች ዋጋ መከራከርን ነው።

አንድ ቀን አንድ ሰው ሳሎኑን እንኳ በቅጡ ሳያይ «ቤቱ ይፈርሳል፤ እኔ የምፈልገው ቦታውን ነው» አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ሰው የሚሸጠው ቤቱን ነው፤ በገበያው ግን ዋጋውን የሚያወጣው ቦታው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ ግን እዚያ ቤት ሦስት ልጆች አሳድጋለች። ከዚያ ቀን በኋላ ገዢ ሲመጣ ከመኝታ ክፍሏ መውጣት አቆመች።

ሁለቱ ወራት ሲያልቁ በሰፈራችን ለረጅም ዓመታት የሠሩ አንድ ደላላ ጠራን። ውሉን በጽሑፍ አደረግን፦ ኮሚሽኑ 1.5 በመቶ፣ የሚከፈለውም ሽያጩ ተፈርሞ ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ብቻ፤ ለሦስት ወር ከእሳቸው ሌላ ደላላ አይገባም። አንዳንድ ደላላ «ይህን ያህል ለእናንተ፣ ከዚያ በላይ የሸጥኩት ለእኔ» ይላል። ይህንን አልተቀበልንም፤ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ተገናኝተው እውነተኛውን ዋጋ እንዲያውቁ በውሉ ላይ አሰፈርን።

ደላላው የመጀመሪያ ሥራቸው ገዢ ማምጣት አልነበረም። ከእማዬ ጋር ተቀምጠው «እትዬ፣ የሚጠይቁት ዋጋ ከፍ ብሏል። ገዢ ለኮክ ዛፉ አይከፍልም» አሏት። እኔ ብዬው ቢሆን ለሳምንት ትቀየመኝ ነበር። እሳቸው ሲሏት ስቃ ዋጋውን ቀነሰች። ገዢው ስለ ቤቱ የሚናገረው ሁሉ እሳቸው ጋ ቀረ፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ ሆነ። የከፈልነው ለዚህም ጭምር ነበር።

በየትኛውም መንገድ ብትሸጡ ግን ደላላ የማይተካቸው ነገሮች አሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ ለብዙዎቻችን ይህ ማለት ውልና ማስረጃ ነው። ቤቱ የጋራ ከሆነ ባልም ሚስትም መስማማት አለባቸው። ቀብድ ስትቀበሉም ተጠንቀቁ፦ በሕጉ መሠረት ገዢ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጭ ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በቤቱ ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን፣ የስም ማዛወሪያ ክፍያዎችንም ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ አጣሩ።

ቤቱ ባዶ ከሆነ፣ ዋጋውን በደንብ ካወቃችሁና ጊዜ ካላችሁ ራሳችሁ መሸጥ ያዋጣችኋል። ቤቱ ውስጥ አሁንም ሰው የሚኖር ከሆነና ያ ሰው እናታችሁ ከሆነች ግን በመሃል የሚቆም ሰው ያስፈልጋችሁ ይሆናል።

ወንድሜ እስካሁን በደወለ ቁጥር ኮሚሽኑን ያነሳል። እማዬ ግን ወሬውን አትገባበትም። አዲሱ ቤቷ በረንዳ ላይ፣ በጣሳ ውስጥ፣ ከቀበና ያመጣችው የኮክ ችግኝ አለ።