በአንትወርፕ ወደብ የታተመ ምሳሌ

ስኬልት የሚባለው ወንዝ ወደ ሰሜን ባሕር ሲወርድ በቀኝ ዳሩ የአንትወርፕ ከተማ ትገኛለች። ይህችን የቤልጅግ ወደብ በጎበኘን ጊዜ፥ ከመርከቦቿና ከእመቤታችን ካቴድራል ረጅም ግንብ ይልቅ ልባችንን የያዘው የአንድ አሮጌ የወረቀት ሥዕል ታሪክ ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንትወርፕ ከየአገሩ የመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ባለጸጋ ከተማ ነበረች። ሂሮኒመስ ኮክ የተባለው አሳታሚም «አራቱ ነፋሳት» በተባለው ቤቱ፥ በመዳብ ሰሌዳ የተቀረጹ ሥዕሎችን እያተመ ይሸጥባት ነበር። ገዢው ባሕሩንና ተራራውን ሊያይ ይገዛል፤ በውስጡ ግን ተግሣጽ ያገኝበታል።

ከእነዚህ አንዱ ፒተር ብሩጌል በ1556 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የነደፈው፥ ፒተር ቫን ደር ሄይደንም ቀርጾት በ1557 የታተመው «ትላልቆቹ ዓሦች ትንንሾቹን ይበላሉ» የተባለው ሥዕል ነው። ንድፉ ዛሬ በቪየና፥ በአልበርቲና ቤተ መዘክር ይገኛል። ኮክ ግን በኅትመቱ ላይ የብሩጌልን ስም ትቶ፥ በ1516 የሞተውን የዝነኛውን የሂሮኒመስ ቦስን ስም አኖረበት። በዚህም ትልቁ ስም ትንሹን ዋጠው።

በባሕሩ ዳር ግዙፍ ዓሣ ተጋድሟል። አንድ ሰው በትልቅ ቢላዋ ሆዱን ሲሰነጥቀው፥ ከሆዱም ከአፉም የተዋጡ ዓሦች ይጎርፋሉ፤ እነርሱም ሌሎችን ነክሰዋል። በየብስም የሰው እግር ያበቀለ ዓሣ ሌላውን በአፉ ይዞ ይሄዳል።

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ ሥነ ፍጥረት ባስተማረበት ድርሳኑ፥ በላተኛውን ዓሣ ሌላው ሲውጠው ሁለቱም በአንድ ሆድ እንደሚገናኙ አሳይቶ፥ ደካማውን የሚገፋ ሰው ከዓሣው በምን እንደሚለይ ጠይቋል።

ከሥዕሉ ግርጌ ጀልባ አለች። አባት ለልጁ ግዙፉን ዓሣ በእጁ ያሳየዋል፤ የዓለም ጠባይ ይህ ነው ማለቱ ነው። ልጁ ግን ጣቱን የሚቀስረው፥ በዚያችው ጀልባ ተቀምጦ ከአንድ ዓሣ ውስጥ ትንሹን ወደሚያወጣው ሰው ነው። ትምህርቱ ገብቶታል።

እኛም የዓለምን ግፍ ለልጆቻችን በሩቁ እናሳያለን። የቤት ሠራተኛችንን ደመወዝ ስናዘገይ፥ ሚዛን ስናጎድል፥ የሙት ልጅን ድርሻ ስንመኝ ግን፥ ሕፃኑ የሚያየው በጀልባችን ውስጥ ያለውን እጅ ነው። ስለዚህ ጣታችንን ወደ ባሕሩ ከመዘርጋታችን አስቀድሞ በእጃችን የያዝነውን እንመልከት።