ከጭላሎ ጫካ እስከ ዝዋይ ሐይቅ በሁለት ጎማ

አርሲ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ሩጫ ነው። ቢታወሰውም አይፈረድበትም። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ በቆጂ ያበቀለቻቸው ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ብስክሌት ልጽፍላችሁ ነው። ይህ ደጋ ለሩጫ የተመቸውን ያህል ለብስክሌትም የተመቸ ነው። ከዚያም በላይ፣ የዚህን አገር ጫካና ሐይቅ አንድነት እንደ ብስክሌት አድርጎ የሚያሳይ ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

አሰላ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሳንባ ይፈትናል፣ ጽናትም ያስተምራል። አስመራም 2300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮች አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደው ቢንያም ግርማይ የተወለደው እዚያ ነው። እኛም ለብስክሌት እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከፍታውም ዳገቱም ልጆቹም አርሲ ውስጥ አሉ።

ከአሰላ ወደ ደቡብ፣ በሳጉሬ አድርጎ በቆጂ የሚያደርሰው አስፋልት ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በቆጂ 2800 ሜትር ላይ ስለሆነች ጉዞው በጥቅሉ ዳገት ነው፤ ግን የሚያደክም ቀጥ ያለ ዳገት ሳይሆን ወጣ ገባ እያለ ቀስ በቀስ የሚነሳ ነው። በግራችሁ በኩል መጀመሪያ ጭላሎ፣ ቀጥሎ የገላማ ሰንሰለት አብሯችሁ ይሄዳል፤ ወደፊት ደግሞ የካካ ተራራ ይጠብቃችኋል። ሦስቱም ከ4000 ሜትር በላይ ናቸው። በቀኝም በግራም የስንዴና የገብስ ማሳ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ኮምባይነሮች መንገዱን ስለሚሞሉት ረጋ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ጭኖ የሚበር አይሱዙ አለ፣ ባማረ ግላስ የተሸለመ ፈረስ ላይ የተቀመጡ አባወራም አሉ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ደብተራቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው «ጀባዱ! ጀባዱ!» (በርታ! በርታ!) እያሉ አብረዋችሁ ይሮጣሉ። ዳገት ላይ ከሆናችሁ ይቀድሟችኋል።

በዚህ መንገድ ጫካ አያለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ባሕር ዛፍ ነው። አገር በቀሉ ጫካ ወደ ላይ ሸሽቷል። ዝግባው፣ ጥዱ፣ ወይራው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢና በየገደሉ ቀርቷል። ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከኮሶው በላይ አስታ፣ ከአስታው በላይ ጅብራ ይመጣል። ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች ካልሆነ በዓለም ላይ የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን መኖሪያውም ይኸው ነው። ብስክሌታችሁ ተራራውን አይወጣም፤ መንገዱ ግን ከተራራው የሚወርደውን ሁሉ ያቋርጣል።

ልነግራችሁ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው። ክረምት ላይ፣ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ከትንንሾቹ ድልድዮች አንዱ ላይ ብስክሌታችሁን አስደግፉና ወደ ታች ተመልከቱ። ከላዩ ጫካ ባለው ጅረት ውስጥ ጠጠሩ ይቆጠራል። ትንሽ ነድታችሁ፣ እስከ ጫፉ የታረሰ ተዳፋት የሚያፈሰውን ሁለተኛውን ስታዩ ውኃው ቡና በወተት መስሏል፤ ገለባና ሥር ይዞ፣ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። አንድ ዝናብ ነው የዘነበባቸው። የጫካው መሬት በቅጠል ብስባሽ የተሸፈነ ስለሆነ ዝናቡን ውጦ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ ባዶው ተዳፋት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ አፈሩን ጨምሮ ይሸኘዋል። ጥር ላይ ተመልሳችሁ ብትመጡ የመጀመሪያው ጅረት አሁንም ይፈሳል፤ የሁለተኛው ድንጋዩ ደርቋል። መኪና ውስጥ ሆኖ ይህ አይታይም፤ ድልድዩ ሁለት ሰከንድ ነው።

እነዚህ ጅረቶች ከታር ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። ከታር ደግሞ መዳረሻው ዝዋይ፣ የአገሬው ሰው ደንበል የሚለው ሐይቅ ነው። ወንዙን ተከትሎ ለመውረድ ሁለተኛውን መንገድ መያዝ ነው፤ ከአሰላ ወደ ምዕራብ፣ በኦጎልቾ በኩል ሐይቁ ዳር ወዳለችው ባቱ ከተማ። ሐይቁ 1640 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከአሰላ ወደ 800 ሜትር ትወርዳላችሁ። ማለዳ ስትነሱ ጃኬት ያስፈልጋችኋል፤ ገብሱ ለስንዴ፣ ስንዴው ለበቆሎ እየለቀቀ ግራሩ ሲጀምር ጃኬቱ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ነካ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ፣ አለዚያ ቸርኬው ይግላል። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማጣበቂያና ፓምፕ ያዙ። በየከተማው ጎሚስታ አለ፣ በከተሞቹ መሐል ግን ያላችሁት እናንተው ናችሁ።

ዝዋይ ሰፊ ሐይቅ ነው፣ ግን ጥልቅ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። ውኃውን በዋናነት የሚቀበለው ከሁለት ወንዞች ነው፦ ከጉራጌ ደጋ ከሚመጣው መቂና ከእኛው ከታር። ጉማሬው፣ ቆሮሶው፣ በደሴቶቹ ላይ የኖሩት የዛይ ሰዎች፣ በቱሉ ጉዶ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም፣ በዳርቻው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ሁሉ የዚህ ውኃ ጥገኞች ናቸው። ከዝዋይ የሚተርፈው ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። አብያታ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ከላይ የሚላክለትን አፈር የሚደብቅበት ቦታ የለውም።

ይህን የምለው የአርሲን ገበሬ ለመውቀስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ሰው ካዱ የሚለው፣ አሰላን ማዕከሉ አድርጎ ከተቋቋመ ወዲህ፣ የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ምርጥ ዘር ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ይህ ደጋ አገር መጋቢ ሆኗል። የምንበላው ዳቦ ከዚህ ተዳፋት ነው። ስለዚህ ተዳፋቱን በእርከን መያዝ፣ የወንዝ ዳርን ሳይታረስ መተው፣ ባሕር ዛፉ መሐል ለዝግባና ለኮሶ ቦታ መስጠት የገበሬው ብቻ ዕዳ ሊሆን አይገባም። ባቱ ላይ በፓምፕ የሚያጠጣውም፣ አዲስ አበባ ዳቦ የሚገዛውም ድርሻ አለው።

ጊዜ ላላቸው ሦስተኛ መንገድም አለ፤ በሙኔሳ ጫካ በኩል ወደ ላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚወርደው። እዚያ ትልልቅ ዝግባና ጥቁር እንጨት እስካሁን ቆመዋል፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። መንገዱ በብዛት ኮረኮንች ስለሆነ ቀጭን ጎማ አይሆንም። የላንጋኖ ገባሮች የሚነሱትም ከዚሁ ተረተር ነው፤ ታሪኩ ያው ነው፣ ሐይቁ ብቻ ይለያል።

ለሹፌሮች አንድ ልመና አለኝ፦ ብስክሌት ስታልፉ ሰፋ አድርጋችሁ እለፉ፣ በተለይ ዳገት ጨርሳችሁ ማዶው ሳይታይ አትቅደሙ። በአሰላና በበቆጂ ላሉ መምህራንና አሠልጣኞችም፦ ብስክሌት ያላቸውን ልጆች ሰብስባችሁ ከበቆጂ ባቱ ድረስ በሁለት ቀን ውሰዷቸው፣ አሰላ አሳድሯቸው፣ በየድልድዩ አስቁሟቸው። ስለ አፈር መሸርሸር በሰሌዳ ከሚማሩት የበለጠ ይማራሉ፤ ከመሐላቸውም ነገ ለአገር የሚወዳደር አይጠፋም።

እናንተም ዘንድሮ ዝናቡ ካባራ በኋላ የምትወጡ ከሆነ ከላይ ጀምሩ፣ ውኃው በሚሄድበት አቅጣጫ ሂዱ። ባቱ ደርሳችሁ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስታዝዙ፣ ያ ዓሣ የኖረበት ውኃ ያለፈባቸውን ድልድዮች በየስማቸው ትቆጥራላችሁ። ጭላሎ ላይ ዛፍ ተቆረጠ ሲባልም ወሬው የሩቅ አገር ወሬ አይመስላችሁም።