ኮፈኑ ለምን ተሰነጠቀ?

የዚያን ቀይ ሙስታንግ ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ የውስጥ መስመሬ ተጨናንቋል። አንዱ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የተሰነጠቀው ቀለሙ ነው ወይስ ፋይበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱም አይደሉም። መልሱ ረዘም ስለሚል እዚሁ ልጻፈው፣ ሌላውም ያንብበው።

መኪናው የወዳጄ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ 27 ዓመት ታክሲ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ ለራሱ የገዛው የ1966 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሙስታንግ። ኮፈኑ ላይ ስኩፕ አማረው። ስኩፕ ማለት ያ ከኮፈን በላይ ጎበጥ ብሎ በፊት በኩል አፉን የከፈተው፣ አየር ማስገቢያ የሚመስለው ነገር ነው። የሱ ለጌጥ ብቻ ነው፣ ከሥሩ ቀዳዳ የለውም። ከፋይበር ግላስ የተሠራ ገዝቶ አንድ ጋራዥ ወሰደው። እነሱም ላሜራው ላይ አጣበቁት፣ ዙሪያውን በስቱኮ ሞልተው አለሰለሱት፣ ቀለም ቀቡት። ሲወጣ ከኮፈኑ ጋር አብሮ የተወለደ ነበር የሚመስለው፣ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

አንድ ክረምት አለፈ። በረዶው ሲቀልጥ የስኩፑን ዙሪያ ተከትሎ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወጣ። መልሶ ወሰደው፣ ፍቀው ሌላ ስቱኮ ጨመሩበት፣ ሁለተኛ ገንዘብ ከፈለ። በሚቀጥለው ዓመት መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ መጣ። ባለቤቱ ያኔ ቁርጡን ነገረችው፦ «ለዚህ ኮፈን ሦስተኛ ጊዜ ከተከፈለ መኪናው ይሸጣል።» ቀልድ አልነበረም። እኔ ጋ የመጣው በዚህ ሁኔታ ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ ክፍል ውስጥ ስለ ሙቀትና ስለ ብረት ያወራነውን አስታውሱ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ፋይበርም ይለጠጣል፣ ግን እኩል አይደለም። እንደ አሠራሩ ቢለያይም የተለመደው የፖሊስተር ፋይበር የብረትን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስኩፑ 60 ሳንቲሜትር ርዝመት አለው እንበል። በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ፣ በሐምሌ ፀሐይ ደግሞ ቀይ ኮፈን በቀላሉ 60 ዲግሪ ይደርሳል። ሂሳቡን ብትሠሩት በሁለቱ መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ልዩነት ታገኛላችሁ። ትንሽ ይመስላል አይደል? ስቱኮ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር አይለጠጥም። ደረቅ ነው፣ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ኮፈኑ በተዘጋ ቁጥር ይመታል፣ በፍጥነት ሲነዳ ንፋስ ያርገበግበዋል። ስለዚህ ስቱኮ መጨመር ጉዳዩን አይፈታውም። ወፍራም ስቱኮ እንዲያውም ይብሳል።

«ታዲያ የፋብሪካዎቹ እንዴት አይሰነጠቅም?» ትሉ ይሆናል። ኮርቬት ከ1953 ጀምሮ አካሉ ፋይበር ነው፤ ፋይበር ከፋይበር ጋር ሲገጣጠም አብሮ ይለጠጣል፣ አብሮ ይሰበሰባል። ካሮል ሼልቢ በ1965 ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ጂቲ350 ሙስታንጎችም ስኩፑ ብቻ ሳይሆን ኮፈኑም ፋይበር ነበር። ስለዚህ ለወዳጄ መጀመሪያ የነገርኩት «ልሙጥ እንዲሆን ከፈለግክ ስኩፑ አብሮ የወጣለት ሙሉ የፋይበር ኮፈን ግዛ» ብዬ ነው። እምቢ አለ። ኮፈኑ ከመኪናው ጋር የመጣ ነው፣ አይወጣም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እምቢ የምል ይመስለኛል።

የቀረው መንገድ በብሎን ማሰርና ለእንቅስቃሴው ቦታ መስጠት ነው። አሮጌውን ስቱኮ እስከ ብረቱ ፍቀን ስኩፑን አነሳን። ባዶውን ኮፈኑ ላይ ሳስቀምጠው ጥጎቹ ተነስተው ይወዛወዛል። ከሁሉ በላይ ልብ በሉ የምለው እዚህ ላይ ነው፦ ክፍተትን በብሎን ስባችሁ አትዝጉ! ስባችሁ ያሰራችሁት ፋይበር ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይኖራል፣ አንድ ቀን ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ይከፈታል። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራው ወደ ላይ ሆኖ ኮፈኑ ላይ ለጠፍኩና ስኩፑን እላዩ ላይ ወዲያ ወዲህ አሸሁት። ጠርዙ ቀስ በቀስ የኮፈኑን ጉብታ ያዘ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ወዳጄ ሦስት ጊዜ ቡና አቀረበልኝ። መጨረሻ ላይ እጅ ሳልጭነው ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ባለ 6 ሚሊ ብሎኖች ጭንቅላት ላይ ሰፋ ያለ ቁራጭ ላሜራ በየድኩ፣ ከጠርዙ ውስጠኛ ክፍል ጋር በፋይበርና በኢፖክሲ ቀበርኳቸው። ከላይ ምንም ብሎን አይታይም። ኮፈኑ ላይ የፊተኛውን አንድ ቀዳዳ ብቻ ልክክ አድርጌ የቀሩትን 9 ሚሊ በሳኋቸው፣ እንዲንሸራተት። የውስጡን የኮፈን አጥንት እንዳልነካ መጀመሪያ ከሥር ለክቻለሁ። በጠርዙ ሥር ስስ ጎማ፣ ከኮፈኑ ሥር ደግሞ የጎማ ሮንዴላ፣ ከዚያ ሰፊ የብረት ሮንዴላ፣ ከዚያ የማይላላ፣ ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ። በእጅ ቁልፍ ብቻ፣ ጎማው በጎን ማበጥ ሲጀምር ቁም። የአየር መፍቻ እዚህ ቦታ የለውም።

ፋይበር በምትበሱበት ጊዜ ቀዳዳው ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ከጀርባ እንጨት ደግፉ፣ በትንሽ መብሻ ጀምሩ፣ ድሪሉን አትግፉት። ጭንብልና እጅጌ ረጅም ልብስ! ብናኙ ሳምንት ሙሉ ያሳክካል፣ ሳንባ ደግሞ ማከክ አይቻልም።

ስኩፑን ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀናት አቆይቼ ነው የቀባሁት፣ አዲስ ፋይበር ገና መሰብሰቡን አይጨርስምና። ሁለቱም ለየብቻ ተቀቡ፣ ከዚያ ተገጠሙ።

ወዳጄ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና ፊቱ ጠቆረ። «መስመሩ እኮ ይታያል» አለኝ። አዎ ይታያል። ዙሪያውን እኩል የሆነ፣ ንጹሕ፣ ጥቁር የጎማ መስመር አለው። ልሙጡን የለመደ ዓይን መጀመሪያ ላይ አይወደውም። እኔ ግን የተሠራ መስመር በየክረምቱ ራሱ ከሚወጣ መስመር ይሻላል ብዬ ተከራከርኩት። ዝም አለ፣ ግን የተስማማ አልመሰለኝም።

ይኸው ሁለት ክረምት አለፈው። በመጀመሪያው መጋቢት ኮፈኑን ከፍቼ ዳዶዎቹን ሞከርኳቸው፤ ሁለቱ ጎማው ስለተጨመቀ ትንሽ ላልተው ነበር፣ ሩብ ዙር ያህል ጨመርኩላቸው። ሌላ አልተነካም። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ በረዶ ባይኖርባችሁም መንገዱ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ላሜራ ላይ ፋይበር ስትገጥሙ ጎማውን አትርሱ።

መኪናው አልተሸጠም። ወዳጄ አሁን ለኋላው ስፖይለር እንድገጥምለት እየጠየቀኝ ነው። ባለቤቱ ገና አልሰማችም።