ሰዓቱ ያልተመዘገበለት ልጅ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሩጫ ሁለት መስመር ብለጥፍ የውስጥ መስመሬ ሞላ። «አንቺ ደግሞ የስደተኛውን ጉዳይ ትተሽ ስፖርት ዘጋቢ ሆንሽ እንዴ?» ያለኝም አለ። አልተውኩም ወገኖቼ። ዛሬ የምጽፈውም ስለ ስደተኛው ጉዳይ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረው አሜሪካ ካለው የአክስቴ ልጅ ጋር ስናወራ ነው። እሱ የእነሱን ፉትቦል ይወዳል፤ ያቺን እንቁላል የምትመስል ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋጩባትን። ሕጉ እስከዛሬ በቅጡ አልገባኝም፤ አራት ጊዜ አስረድቶኝ አራት ጊዜ ጠፍቶብኛል። የገባኝ ይህን ያህል ነው፦ ኳርተርባክ የሚሉት ልጅ አለ፤ ቡድኑን የሚመራውና ኳሱን የሚያቀብለው እሱ ነው። በኮሌጅ ከሚጫወቱት ሁሉ የዓመቱ ምርጥ ለተባለው ደግሞ ሃይስማን የሚባል ሽልማት ይሰጣል። ከ1935 ጀምሮ ያለ ሽልማት ነው፤ ድምፅ የሚሰጡት በአብዛኛው የስፖርት ጋዜጠኞች ናቸው፣ ከዚህ በፊት ያሸነፉትም ይመርጣሉ። ኳርተርባኮች ደጋግመው ይወስዱታል።

የአክስቴ ልጅ የጆ በሮውን ታሪክ ሲነግረኝ ነው ጆሮዬን የሰጠሁት። ይህ ልጅ ኦሃዮ ስቴት የሚባል ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ቆየ። ከእሱ የሚበልጡ ነበሩ፣ ወይም የሚበልጡ መስለው ታዩ። በ2018 ትምህርቱን ይዞ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ተዛወረ። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር እንጂ ጉድ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ለነጥብ የበቁ 16 ኳሶች አቀበለ። በሁለተኛው ዓመት 60 አቀበለ። ቡድኑ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዓመቱን ጨረሰ፤ ልጁም በ2019 መጨረሻ ሃይስማንን ወሰደ። ሽልማቱን ሲቀበል ባደገበት በደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤታቸው የሚበላ የማያገኙ ልጆች እንዳሉ ተናገረ። ከዚያ ንግግር በኋላ ለዚያ አካባቢ የምግብ እርዳታ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። እኛ አንድ ከረጢት ሩዝ ለማሰባሰብ ስንት ቀን እንደምንለምን ስለማውቅ ይህቺ ነገር ልቤን ነክታኛለች።

ግን ከሁሉ በላይ የያዘችኝ ቃል «ተዛወረ» የምትለዋ ናት። ልጁ በአንድ ቦታ አልሆነለትም፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፣ እዚያ ሆነለት። ሦስት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረ ጊዜ ስለ ሃይስማን ዕድሉ ቢጠየቅ ማን ቁም ነገር ብሎ ይመልስ ነበር? ችሎታው ያን ጊዜም እላዩ ላይ ነበር። የጎደለው ሜዳ ነበር፤ ሜዳውን ደግሞ ያገኘው መንቀሳቀስ ስለቻለ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ወደ ጅቡቲ። እዚህ አገር ሃይስማን የለም። ያለው ሩጫ ነው፤ በሩጫም ይህች ትንሽ አገር የምትናቅ አይደለችም። ብዙዎቻችን ዓመታት ኖረንባት ታሪኳን አናውቅም፤ ሙቀቷንና የጫት መኪና የሚገባበትን ሰዓት ብቻ ነው የምናውቀው።

ሁሴን አህመድ ሳላህ የአሊ ሳቢህ ልጅ ነው። አዎ፣ አሊ አዴህ ካምፕ ያለበት የዚያ አካባቢ ልጅ። በ1985 ሂሮሺማ ላይ የዓለም ዋንጫ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አሸነፈ። የአገሩ ልጅ ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ወጣ። በ1987 ሴኡል ላይ ያንኑ ዋንጫ ደገመው። ከዚያ ሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ከእኛው በላይነህ ዴንሳሞ ጋር ተናነቀ። በላይነህ በ2፡06፡50 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሁሴን 17 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ በ2፡07፡07 ገባ። የበላይነህ ሰዓት እስከ 1998 ድረስ፣ አሥር ዓመት ሙሉ፣ ማንም አልደፈረውም።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር የሴኡል ኦሎምፒክ ነበር። በላይነህ አልሮጠም። የደርግ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግኖ ውድድሩን ስለረገጠ ኢትዮጵያ አንድም ሰው አልላከችም። በዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሯጭ አገር ቤት ቁጭ አለ። ሁሴን ግን ሄደ፤ በ2፡10፡59 ነሐስ አመጣ። ይህ ሜዳሊያ ጅቡቲ በኦሎምፒክ ያገኘችው ብቸኛው ነው። ሁሴን ያገኘው ሰው ስላልነበረ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰውየው በዚያ ዘመን ከዓለም ምርጦች አንዱ ነበር፣ የዓለም ሻምፒዮና ብሩንም በ1987 ሮም ላይ ወስዶ ነበር። የምለው ሌላ ነው። ሮተርዳም ላይ በሁለቱ መካከል የነበረው 17 ሰከንድ ነው፤ ሴኡል ላይ የለያቸው ግን ቢሮ ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ነው።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ አያንለህ ሱሌይማን አለ። የዚሁ የጅቡቲ ከተማ ልጅ ነው፣ በ1992 የተወለደ። በሶማሊያዊው አሠልጣኝ ጃማ አደን ሥር ነው ያደገው፤ የእኛዋ ገንዘቤ ዲባባም በዚያው ቡድን ውስጥ ነበረች። የዚህን ልጅ እድገት ደረጃ በደረጃ ብታዩት ደስ ይላል። በ2013 ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር ነሐስ፤ ወርቁን የወሰደው የእኛው መሐመድ አማን ነበር። በ2014 ሶፖት፣ ፖላንድ ላይ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ወርቅ፤ ሁለተኛ የወጣው አሁንም የእኛ ልጅ፣ አማን ወጤ። በየካቲት 2016 ስቶክሆልም ላይ በቤት ውስጥ የ1000 ሜትር ክብረ ወሰንን በ2፡14.20 ሰበረ። ከስድስት ወር በኋላ ሪዮ ሲገባ ሜዳሊያ ይገባዋል ያለ ሰው አልተሳሳተም ነበር። ፍጻሜው ግን የቀስታ ሩጫ ሆነ፤ ሁሉም ተያይቶ ቆይቶ በመጨረሻው ዙር ነው የተለቀቀው። አሸናፊው አሜሪካዊ በ3፡50.00 ገባ፤ አያንለህ በ3፡50.29 አራተኛ ሆነ። ከነሐሱ የለየው 0.05 ሰከንድ ነው። ዓይን እንኳ በዚህ ፍጥነት አይርገበገብም።

ያ ስቶክሆልም ላይ የሰበረው ክብረ ወሰን የማን እንደነበር ታውቃላችሁ? የዊልሰን ኪፕኬተር። ኬንያ ተወልዶ ዴንማርክ የኖረ ሯጭ ነው። በ1995 ለዴንማርክ ሮጦ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1996 አትላንታ ላይ ግን ዜግነቱ ስላልተጠናቀቀ እንዳይሮጥ ተከለከለ። የዓለም ሻምፒዮኑ ኦሎምፒኩን እንደ እኔና እንደ እናንተ በቴሌቪዥን ተመለከተ ማለት ነው። እኔ እንግዲህ የት ብሄድ ይህ የወረቀት ነገር እየተከተለኝ ነው፤ ስፖርት ላንብብ ብል እዚያም አገኘሁት።

ለእንደ እኛ ያለው ሰው አንድ በር ተከፍቷል። በ2016 ሪዮ ላይ የስደተኞች የኦሎምፒክ ቡድን ሲመሠረት አሥር ስፖርተኞች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ የእኛው ዮናስ ክንዴ ነው። ሉክሰምበርግ ይኖር ነበር። ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ በታች መሮጥ ቢችልም ዜግነት ስላልነበረው የሚወክለው አገር አልነበረውም። ቡድኑ ሲመጣ በ36 ዓመቱ ሪዮ ላይ ሮጦ 90ኛ ሆኖ ጨረሰ። 90ኛ ብሎ የሚስቅ ካለ ከሪዮ ሙቀትና ዝናብ በፊት ስንት ዓመት ከስሙ በላይ ሳይጻፍ እንደሮጠ ይቁጠርለት። በፓሪስ 2024 ደግሞ ኢየሩ ገብሩ በብስክሌት፣ ፋሪዳ አባሮጌ በ1500 ሜትር ተሰልፈዋል። ሁለቱም ፈረንሳይ የሚኖሩ ናቸው። በዚያው በፓሪስ ሲንዲ ንጋምባ በቦክስ ለስደተኞች ቡድን የመጀመሪያውን ሜዳሊያ፣ ነሐሱን፣ አመጣች። እንግሊዝ ነው ያደገችው።

እስካሁን በሦስቱም ኦሎምፒኮች ከጅቡቲ የሄደ ስደተኛ የለም። «ጎበዝ ስለሌለ ነው» የሚለኝ ሰው ካኩማን ይይ። ኬንያ ካኩማ ካምፕ ውስጥ ቴግላ ሎሩፔ የማራቶን ሯጯ ከነሰዎቿ ሄዳ የሩጫ ማጣሪያ አደረገች። ከዚያ ከተመረጡት አምስት የደቡብ ሱዳን ልጆች ሪዮ ገቡ። ካኩማ ውስጥ ከዚያ በፊት የሚሮጥ ሰው አልነበረም? ነበር። ሰዓት ይዞ የሚቆም ሰው ነው ያልነበረው።

አሁን ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ስሙን አልጽፍም፣ የመጣበትንም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። 17 ዓመቱ ነው። በ14 ዓመቱ በእግሩ መጥቶ፣ ኦቦክ ደርሶ፣ ጀልባዋን አይቶ የተመለሰ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ውኃውን ሳየው እግሬ እምቢ አለኝ» ነው ያለኝ። አሁን ባልባላ ጎሚስታ ቤት ይሠራል። ጎማ ሲነቅልና ሲገጥም ይውላል፤ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ሲየስታ ዳር ይሮጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚህ በዚያ ሰዓትም አየሩ ፊት ላይ እንደ እንጀራ እንፋሎት ነው፤ የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ።

አንድ ኪሎ ሜትር በስልካችን ለክተን ሁለት ቦታ ድንጋይ አስቀመጥን። በ2 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ሮጠው። የስልክ ሰዓት ነው፣ የጎሚስታ ቤት ሸራ ጫማ ነው፣ ማንም ፌዴሬሽን አይቀበለውም። እኔም አሠልጣኝ አይደለሁም። ግን ከእኛ ጋር ሆኖ ያየ በወጣትነቱ ክለብ ውስጥ ይሮጥ የነበረ አንድ ጋሼ አለ፤ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየና ዝም አለ። ከዚያ «ይህን ልጅ ማን ያበላዋል?» ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር።

እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ሲዘጋጅ ልናስመዘግበው ሄድን። የአገር መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አሉን። የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀቱን አሳየን። ሰውየው ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው የሆነ ነገር የተጻፈ ይመስል አየና መለሰልን። ስድብ አልነበረም፣ ቁጣ አልነበረም። «ሲስተሙ አይቀበልም» ነው ያለን። ልጁ በውድድሩ ቀን ያለ ቁጥር በመንገዱ ጠርዝ አብሮ ሮጠ። አትሂድ ብዬው ነበር፤ ፖሊስ ቢይዘውስ ብዬ። እስከ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ከፊተኞቹ ጋር ነበር። እዚያ ላይ አንድ ጥበቃ በክንዱ ይዞ አወጣው። ከሰዓት ተመልሶ ጎማ ሊገጥም ሄደ።

እንግዲህ ዕድሉ ስንት ነው ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ትንሽ ነው። ከአያንለህ የ1000 ሜትር ሰዓት በ24 ሰከንድ ርቆ ነው ያለው፤ በዚያ ርቀት 24 ሰከንድ ማለት አንዱ ገብቶ ውኃ ሲጠጣ ሌላው ገና እየመጣ ነው ማለት ነው። እኔ ይህ ልጅ ሜዳሊያ ያመጣል አልልም፤ እንዲህ እያሉ የልጆችን ልብ የሚነዱ ሰዎች አበሳጭተውኛል። በሮውም ወንበር ላይ እያለ ሃይስማን ይወስዳል የሚል ሰው ቢኖር ይሳቅበት ነበር። ልዩነቱ እሱ ስሙ መዝገብ ላይ ነበር፣ በየሳምንቱ የሚያየው አሠልጣኝ ነበር፣ ሌላ ቡድን ሲፈልገው የሚያገኘው ፋይል ነበር። የእኛ ልጅ ፋይል የለውም። ሰባት ኪሎ ሜትር ሮጦ አንድም ቦታ አልተጻፈም።

የስደተኞች ቡድን ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ በስደተኝነት መታወቅ ያስፈልጋል። ጠያቂ ሆኖ ወረፋ ላይ መቆየት አይበቃም። ቀጥሎ ለስደተኛ ስፖርተኞች የሚሰጥ የሥልጠና ድጎማ አለ፤ እሱ የሚጠየቀው በሚኖሩበት አገር ኦሎምፒክ ኮሚቴ በኩል ነው። ያ ደግሞ በሕጋዊ ውድድር የተመዘገበ ሰዓት ይፈልጋል። ሰዓቱ ውድድር ይፈልጋል፣ ውድድሩ መታወቂያ ይፈልጋል፣ መታወቂያው ቃለ መጠይቅ ይፈልጋል፣ ቃለ መጠይቁ ቀጠሮ ይፈልጋል። ጅቡቲ በ2017 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ በወረቀት ላይ ጥሩ ሕግ ነው፤ ትምህርትና ሥራን ይፈቅዳል፤ ይህን ደጋግሜ ጽፌያለሁ፣ ማመስገን ባለብን ማመስገን አለብን። ግን ወረፋ ላይ ያለ የ17 ዓመት ልጅ እግር ሕጉ እስኪደርስ አይጠብቅም። ሯጭ የሚያድግበት ዕድሜ አጭር ነው። ቀጠሮው ሦስት ዓመት ቢቆይ 20 ይሆናል፤ ሰውነቱንም ጎማው ይበላዋል።

ስለዚህ በእጃችን ያለውን እያደረግን ነው። ዓርብ ዓርብ ሌሊት 11 ሰዓት ሲየስታ እንገናኛለን። አሁን አራት ሆነዋል፦ ልጁ፣ አንድ የየመን ልጅ፣ ሁለት ሶማሌ እህትማማቾች። ታናሽየዋ ትፈጥናለች፤ ታላቅየዋ አልተስማማችም። ጋሼ ሰዓት ይይዛል፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ፤ ቀን፣ ርቀት፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሙቀት።

የሚያስፈልገን ይህ ነው። የሩጫ ጫማ ቁጥር 42 አንድ፣ 38 ሁለት፤ ያገለገለም ይሆናል። ትክክለኛ የእጅ ሰዓት መያዣ፣ የስልክ ያልሆነ። ፈረንሳይኛ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው፤ ለውድድር አዘጋጆች የጥገኝነት ወረቀት እንዲቀበሉ የምንጠይቅበት ደብዳቤ አለ፣ የእኔ ፈረንሳይኛ ከገበያ አያልፍም። ገንዘብ አትላኩልኝ። ዕቃ ያላችሁ በውስጥ መስመር አውሩኝ፤ ከድሬዳዋ በባቡር የምትመጡ ካላችሁ ናጋድ ጣቢያ ድረስ መጥቼ እቀበላለሁ።

በዚህ ዓርብ ልጁ 5 ኪሎ ሜትር ይሞክራል። ሰዓቱን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።