አየሁ፤ ዝም አልሁ

አንባቢ ሆይ፤ ሌባ ሲሰርቅ አይተህ ዝም ብለህ ታውቃለህን? እኔ አውቃለሁ።

በልጅነቴ፣ በላስታ፣ ከላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ወደ መንደራችን ስመለስ ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር። አንድ ጎረቤታችን የአንዲት ባልቴት በግ እየጎተተ ወደ ቆላው ቍልቍለት ሲወርድ አየሁት። በጊቱ ግንባሯ ቦቃ ስለ ነበረ አልተሳሳትሁም። እርሱም አየኝ፤ አንዳች ቃል አልተናገረም። በማግሥቱ ባልቴቲቱ በየደጁ እየዞረች ስትጠይቅ እኛም ቤት መጣች። «ልጄ፣ በጌን አላየህልኝምን?» አለችኝ። «አላየሁም» አልሁ። ሰውየው የአባቴ የጽዋ ማኅበር ጓደኛ ነበረ። የፈራሁት እርሱን ይሁን የአባቴን ኀፍረት፣ ዛሬም ለይቼ አላውቀውም።

እንዲህ ያለው ዝምታ በቀድሞው ዘመን ዋጋ ያስከፍል ነበር። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአገሩ ሰው ለአፈርሳታ፣ በሌላ ስሙም ለአውጫጭኝ፣ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱም ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ስሙ እንዳይገለጥበት የፈራም «ወፍ ነገረኝ» ይል ነበር። በደለኛው ካልታወቀ የጠፋውን ንብረት ሕዝቡ አዋጥቶ ይከፍላል። ሥርዓቱ ጉድለት አልነበረበትም አልልም፤ ንጹሑ ከበደለኛው ጋር ሥራ ፈትቶ ይጉላላ፣ ያላጠፋውንም ይከፍል ነበርና።

የዛሬው ሕግ ጠበብ ያለ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 443 የሚቀጣው፣ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ፈጻሚውን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላስታወቀውን፣ እንዲሁም በሕግ ወይም በሙያው ደንብ የማስታወቅ ግዴታ ያለበትን ነው። አንቀጽ 575 ደግሞ፣ በራሱም በሌላም ላይ አደጋ ሳያመጣ ሊረዳ ሲችል፣ በከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ ጥሎ የሚሄደውን ይመለከታል። ስለ አንዲት በግ ዝም ያለ ልጅ በሁለቱም አይከሰስም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ዕረፍት አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ አላገኘሁም።

በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። ሰባት ኪሎ ያህል የሚመዝን መስቀል በኪስ አይደበቅም። ባሕር ተሻግሮ በአንድ የቤልጅግ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ ከዓመታት በኋላም ወደ ቦታው ተመለሰ። በመንገዱ ላይ ስንት ዓይን አርፎበት ይሆን? ያዩትን ሁሉ ልወቅስ ስነሣ ቦቃዋ በግ ትዝ አለችኝ።

ባልቴቲቱ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗል። ለቀብሯ ስሄድ ያ ሰው ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ሁለታችንም አንዳች አልተናገርንም።