ቡፌው ውስጥ የቆየው ጠርሙስ

ሳሎናችን ባለው ቡፌ ውስጥ፣ ማንም ከማይነካቸው የሻይ ስኒዎች ጀርባ፣ አንድ ብላክ ሌብል ውስኪ ከ20 ዓመት በላይ ቆሞ ኖሯል። በ1996 ዓ.ም. ልጄ ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ ሲሄድ አንድ ወዳጄ ለሽኝቱ ብሎ ያመጣው ነው። ያን ዕለት ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ስለነበር ማንም አልከፈተውም። እኔም «ልጁ ሲመለስ አብረን እንጠጣዋለን» ብዬ ቡፌውን ቆለፍኩ። በመካከል አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ የመጣው ግን ለአያቱ ቀብር ስለሆነ ጠርሙሱ ከቦታው አልተነሳም።

እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳየው ነበር። «ሲገባ 12 ዓመቱ ነበር፤ እኔ ዘንድ ደግሞ ከ20 በላይ ጨመረ» እያልኩ እኩራራለሁ። ጎረቤቴ ሻምበልም «እንዲህ ያለው በገንዘብ አይገኝም» እያሉ ያጅቡኛል።

ዘንድሮ ለፋሲካ ልጄ መጣ። የበዓሉ ማግስት ማታ ሻምበልና የባለቤቴ ወንድም ተጠሩ። ልጄ ቨርጂኒያ ውስጥ የመጠጥ መደብር ተቀጥሮ ብዙ ዓመት ስለሠራ ነገሩን ያውቀዋል። «አባዬ፣ እንዲሁ ከምንከፍተው አንድ ጨዋታ ልጫወታችሁ» አለና አራት ዓይነት አዘጋጀ። አንዱ ከሰፈራችን ሱቅ የተገዛ ሬድ ሌብል፣ ሁለተኛው ጄምሰን የተባለው የአየርላንድ ውስኪ፣ ሦስተኛው የእኔ ብላክ ሌብል፣ አራተኛው እሱ ከሻንጣው ያወጣው 16 ዓመት የሚል ላጋቩሊን ነው። ከእኛ ጋር የሚኖረው የ8 ዓመቱ የልጅ ልጄ መለኪያዎቹን በሰርቪስ እያመላለሰ ደረደረ። ከሥራቸው በፕላስተር ምልክት ተለጠፈና የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳናውቅ ተደረገ።

ልጄ ሲቀዳ እያስረዳን ነበር። ብቅል ገብስ ይደፈደፋል፤ ከዚያ በመዳብ ጋን ይወጣል። የስኮትላንዱ የብቅል ውስኪ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ሻምበል ጭናቸውን መቱ፤ «ታዲያ ዳግም አረቄ ነዋ!» ጄምሰን ሦስት ጊዜ እንደሚወጣ ሲሰሙማ ለአየርላንዶች ያላቸው አክብሮት ጨመረ። ከመዳቡ ሲወርድ እንደ ካቲካላችን ነጭ ነው። ቀለሙን የሚያገኘው ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ሲቀመጥ ነው፤ በስኮትላንድ ሕግ ቢያንስ 3 ዓመት በርሜል ውስጥ ካልቆየ ውስኪ አይባልም። በየዓመቱም ከበርሜሉ ወደ 2 በመቶ የሚሆነው ይተናል። ይህን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል አለን።

«ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላስ?» አልኩት፣ መልሱን የማውቅ መስሎኝ።

«ጠርሙስ ውስጥ ዕድሜ አይጨምርም አባዬ። ብርጭቆ እንደ እንጨት አይደለም። የአንተው ዛሬም 12 ዓመቱ ነው።»

የባለቤቴ ወንድም ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ግን ከ20 ዓመት በላይ የተኩራራሁበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀማሁ። ይባስ ብሎ ሲከፈት ከአንገቱ ጎደል ብሎ ተገኘ፤ ክዳኑ ቀስ በቀስ ሲያስተነፍስ ኖሯል።

ቅምሻው ተጀመረ። ልጄ «አትጨልጡ፣ መጀመሪያ አሽትቱ፣ ከዚያ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት» ይላል። ውሃው ሽታውን ያወጣዋል። ሻምበል የመጀመሪያውን አጣጥመው ዓይናቸውን ጨፈኑና «ይሄ የውዱ ነው፤ አይሳሳትም» አሉ። ፕላስተሩ ሲታይ ሬድ ሌብል። ልጄ አላሳቀባቸውም፤ «ከሶዳ ጋር እንዲጠጣ የተሠራ ነው እንጂ መጥፎ አይደለም» ብሎ ሸፈነላቸው። ጄምሰን ለስላሳ ነው፤ ጉሮሮ አይቧጥጥም፤ እንደ ማር የሚል ነገር አለው። ለእኔ ዕለት በዕለት የሚሆነኝ እሱ ነበር። የእኔው ብላክ ሌብል ትንሽ ደክሞ ነበር፤ የደረቀ ፍራፍሬና ከኋላው ስስ ጭስ አለው። ይህን መናገር አልወደድኩም፤ ስለዚህ ዝም አልኩ።

አራተኛው ግን ገና ከመለኪያው ሳይነሳ ክፍሉን ሞላው። ሻምበል «ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ባለቤቴ በሕይወቷ አልኮል አፏ ገብቶ አያውቅም፤ ከጓዳ ስታልፍ ቆም ብላ አሸተተችና «በወይራ የታጠነ ጋን! የእናቴ ጠላ ቤት!» አለች። እውነቷን ነው። አይላ በምትባለው የስኮትላንድ ደሴት ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ ተቆርጦ በሚደርቅ፣ አፈር በሚመስል ማገዶ ጭስ ነው። ጭሱ ብቅሉ ውስጥ ይገባል፤ ከ16 ዓመት በርሜል በኋላም አይለቅም። ከአራቱ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ሻምበል ምንም ቢሉ።

ይህን ሁሉ ስንል ልጄ ፊት ያለው አምቦ ውሃ መሆኑን ልብ አላልኩም።

«በል አሁን የአንተን መለኪያ አምጣ» አልኩት፣ ብላክ ሌብሉን አንስቼ። እጁን መለኪያው ላይ ከደነ።

«እኔ አልጠጣም አባዬ። ከተውኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ።»

ሻምበል «አንዲት መለኪያ ምን ታደርግሃለች?» አሉ። እኔም «ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩትን ልትመልስልኝ?» ብዬ ተጫንኩት። ከጓዳው በር ባለቤቴ «ተዉት!» አለች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዶቹ ቀደም ብለው ሄዱ። በረንዳ ላይ ተቀመጥንና ልጄ ነገረኝ። መጀመሪያ ደንበኛ ሲጠይቅ ለማወቅ ያህል መቅመስ፣ ከዚያ ከሥራ በኋላ፣ ከዚያ ከሥራ በፊት። ሥራው ሄደ፤ መንጃ ፈቃዱ ሄደ፤ ትዳሩ ለጥቂት ተረፈ። አንድ ጊዜ ስምንት ወር ሳይደውል ቀርቶ «አሜሪካ በላችው፣ ረሳን» ብዬ ለዘመድ ሁሉ አምቼዋለሁ። ለካ ከዚያ ውስጥ ከፊሉን ሕክምና ላይ ነበር፤ የቀረውን ደግሞ አፍሮ ነበር። እናቱ ታውቅ ኖሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ያንን ጠርሙስ በየሳምንቱ ስትወለውል እያየሁ እንዴት ልንገርህ?»

እሱን ደግሞ «ታዲያ ላጋቩሊኑን ለምን ተሸክመህ መጣህ?» አልኩት። የምወደውን ስለሚያውቅ ነው አለ፤ ሲቀዳ ማየት አሁን አይከብደውም፤ የሚከብደው ቀን ግን አሁንም አለ።

ሌላ ጥያቄ ነበረኝ፤ ለመጠየቅ ብዙ ቆየሁ። የ7 ዓመት ልጅ ሳለ እንግዳ ሲመጣ የሚቀዳው እሱ ነበር። «ጎበዝ አሳላፊ» ይባላል፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። መለኪያዎቹን ሰብስቦ ወደ ጓዳ ሲሄድ ጭላጩን እንደሚጨልጥ አውቃለሁ። አይቼ ስቄያለሁ።

«እኔ ነኝ?» አልኩት።

ወዲያው አልመለሰም። «እሱን ልጠይቅህ አልመጣሁም» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ «ጭላጩ ግን ይጥመኝ ነበር። ከአንተ ጋር የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ወደ ውስጥ ስንገባ የልጅ ልጄ መለኪያዎቹን ሰርቪሱ ላይ ደርድሯል። አንዱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «አያቴ፣ ይሄ ጭስ ጭስ ይላል» አለኝ።

«አስቀምጠው፤ እኔ አነሳዋለሁ» አልኩት።

ሰርቪሱን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁና አንድ በአንድ ደፋኋቸው። ሻምበል የላጋቩሊኑም ጭላጭ እንደተደፋ ሲሰሙ፣ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል ያሉትን ረስተው፣ እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል።