ሁሉም ጥንብ አንሳ አንድ አይደለም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ማንኩሳ አካባቢ በሬ ቢሞት ከሰማይ የሚወርደው ሁሉ ስሙ አንድ ነው፦ ጥንብ አንሳ። ለገበሬው ይበቃል። ወፍ የሚቆጥር ሰው ግን የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

አንዱ ትንሽ ነው፤ ምንቃሩ ቀጭን፣ ፊቱ ቀላ ያለ። ሌላው ሲበር ጀርባው ላይ ነጭ ይታያል። ሦስተኛው ላባው የዓሣ ቅርፊት ይመስላል፤ ምንቃሩም ወደ ቢጫ ያደላል። የኋለኞቹ ሁለቱ ሳያድጉ በጣም ስለሚመሳሰሉ ባለሙያም ይሳሳታል። አስጎብኚዎች በእንግሊዝኛ ስማቸው ይለዩአቸዋል። ሦስተኛውማ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጎንደር ድረስ በመጣው ጀርመናዊ፣ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው። በየቀኑ የሚያየው እረኛ ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም።

ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሦስቱም በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመደቡ። በአፍሪካ ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው፤ ለጅብና ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረገው እነሱንም ይፈጃል። «ጥንብ አንሳማ ሞልቷል» ሲባል የትኛው እንደሞላ፣ የትኛው እንደሳሳ አይለይም። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዳይክሎፌናክ የተባለ የከብት መድኃኒት ጥንብ አንሳዎቹን ሲጨርስ፣ ጥንቡ ለውሻ ተረፈ፤ ውሻውም በዛ።

እንግዲህ የግብርና ባለሙያውም መምህሩም እረኞችንና አዛውንቶችን ይጠይቁ። ሦስቱን የሚለይ የአገር ስም ካለ ይመዝገብ፤ ከሌለ ይውጣላቸው። ስም የሌለው ሲያልቅ «እገሌ ጠፋ» የሚል አይገኝም።

በእናንተ አካባቢስ ምን ይባላሉ?